ባቄላ ከስንዴ በኋላ፦ ስንት ጊዜ እንረስ? ገለባውንስ ምን እናድርገው?

ሰኔ ሲቃረብ በደጋ ቤቶች የማይቀር ክርክር አለ። አባት «ባቄላ አያስቸግርም፤ አንዴ ገምሶ መበተን ነው» ይላሉ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሦስቴ አርሳችሁ በመስመር ዝሩ ይላል። ስልጠና ውሎ የመጣው ልጅ ማረስ ራሱ ቀርቷል፣ አሁን ዕቀባ እርሻ ነው፣ ማለትም ማረሱን ቀንሶ ገለባውን መሬት ላይ መተው፣ ባይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት በቢቢኤም፣ በበሬ በሚጎተተው የመደብና የቦይ ማውጫ መሣሪያ፣ መደብ አውጥተው ባቄላቸው ትከሻ ላይ ደርሶ ነበር የሚል ወሬ ይመጣል። በዚህ መሃል የትራክተር አከራዩ ስልክ ይደውላል።

አራቱም አልዋሹም። እያንዳንዱ ምክር በሆነ ማሳ ላይ ሠርቷል። ችግሩ የየትኛው ማሳ እንደሆነ ሳይነገር መዞሩ ነው። ይህ መመሪያ የሚናገረው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ፣ አምና ስንዴ ወይም ገብስ በነበረበት መሬት ላይ፣ በክረምቱ ዝናብ ባቄላ ለሚዘራ ሰው ነው። አኩሪ አተር የሚያመርቱ የፓዌና የጅማ አካባቢ ገበሬዎች አንዳንዱን ነገር ሊወስዱት ይችላሉ፤ ሙቀታቸው ግን ሌላ ስለሆነ ሁሉንም እንዲወስዱ አልመክርም።

መመዘኛው ይቅደም

የእርሻ ዘዴ ከመምረጥ በፊት ሰብሉ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ይቀላል። ባቄላን ከጤፍ የሚለዩት ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ውሳኔውን ይቀይሩታል።

አንደኛ፣ ዘሩ ትልቅ ነው። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቀብሮ፣ ጓል በበዛበት አፈር መሃል እንኳ መንገድ ፈልጎ ይወጣል። ጤፍ አፈሩ እንደ ዱቄት እስኪልም የሚታረሰው ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ነው። ለባቄላ የጤፍ ያህል የሚያርስ ሰው በሬዎቹን በከንቱ እያደከመ ነው።

ሁለተኛ፣ ናይትሮጅኑን ከአየር ያመጣል። የስንዴ ገለባ በውስጡ ያለው ካርቦን ከናይትሮጅኑ 80 እጥፍ ገደማ ነው። ጥቃቅን ነፍሳት ይህን ገለባ ለማበስበስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይበደራሉ። በስንዴ ላይ ስንዴ ቢዘራ ቡቃያው ቢጫ የሚሆነው በከፊል በዚህ ብድር ምክንያት ነው። ባቄላ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን ከአየር የሚያመጡለትን ዕባጮች ካበጀ በኋላ ብድሩ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ በሰብል ዙር ውስጥ ገለባን መሬት ላይ ለመተው ምቹው ዓመት የባቄላው ዓመት ነው።

ሦስተኛ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም። ጥቁር መሬት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ከተኛበት፣ ሥር የሚያጠቁረው የሥር አበስብስ ይገባና ማሳው በክብ በክብ ይደርቃል። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ከእነዚህ የሚወጡት መመዘኛዎች የሚከተሉት ናቸው፦ ውሃውን ያወጣል ወይ? አረሙን ያሸንፋል ወይ? ስንት የበሬ ቀን ይበላል? ገለባው ለከብት ይቀራል ወይስ መሬት ላይ ይውላል? ተዳፋት ላይ አፈሩን ያቆያል ወይ? በጊዜ ለመዝራት ያደርሳል ወይ? ጥሬ ገንዘብ ስንት ያስወጣል? ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ቀዳሚው ውሃው ነው። ሌላው በጉልበት ወይም በገንዘብ ይካካሳል፤ የተኛ ውሃ ግን አይካካስም።

የበሬ ቀንና የገለባ ሒሳብ

አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው አንድ ጥማድ ነው፤ በግምት ሩብ ሄክታር። ስለዚህ አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ አራት ቀን ይጠይቃል። አራት ጊዜ አርሶ በአምስተኛው ዘሩን የሚሸፍን ሰው 20 የበሬ ቀን ያጠፋል። አንድ ጊዜ ገምሶ በሁለተኛው የሚዘራ ደግሞ 8 ቀን። የ12 ቀኑ ልዩነት ጥንድ በሬ ላለው ሰው ድካም ነው። አንድ በሬ ኖሮት ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መከናጆ ለሚገባ ሰው ግን ጥንዱን የሚያገኘው አንድ ቀን እየዘለለ ነውና 20ው የእርሻ ቀን 40 ቀን ይሆንበታል። መዝሪያው ወቅት ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መግቢያ ነው። 40 ቀን ከየት ይመጣል? «ዘግይቼ ስለዘራሁ ውርጭ በላብኝ» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ የዘገየው በስንፍና አይደለም፤ በዚህ ሒሳብ ነው።

የገለባው ሒሳብም እንዲሁ በቁጥር ይነገራል። 260 ኪሎ ገደማ የሚመዝን በሬ በቀን ከክብደቱ 2.5 ከመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 6.5 ኪሎ መሆኑ ነው። ጥንዱ 13 ኪሎ። ከ25 እስከ 30 ኩንታል ስንዴ የሰጠ ሄክታር ከፍሬው ያላነሰ፣ ሦስት ቶን ያህል ገለባ ይተዋል። ይህ ጥንዱን በሬ የበጋውን ስድስት ወር ሊያደርስ ይችላል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «አንድ ቶኑን መሬት ላይ ተወው» ቢል፣ «የበሬዎችህን የሁለት ወር ተኩል ቀለብ ተወው» እንደማለት ነው። የዕቀባ እርሻ ምክር ብዙ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው፤ ገበሬው ስላልገባው አይደለም።

መውጫ ግን አለው። የባቄላ ገለባ በፕሮቲንም በመፈጨትም ከስንዴ ገለባ የተሻለ መኖ ነው። ስለዚህ የባቄላውን ሰብስቦ ከብት መመገብ፣ ከስንዴው ደግሞ ጥቂቱን መሬት ላይ ማስቀረት ይቻላል። ማስቀረቱ የሚከናወነው በማጭድ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴውን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ማጨድ። ቁመቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስንዴ አንድ ስንዝር ግርጌ ማለት ከአገዳው ሩብ ገደማ ነው። የታችኛው አገዳ ደግሞ ከብት የሚንቀው፣ መሬት ግን የሚወደው ክፍል ነው።

የተወው ገለባ ይበቃል ወይ የሚለውን በዓይን መገመት ያታልላል፤ ሁሉም ሰው አብዝቶ ይገምታል። አሥር ሜትር ገመድ ወስደው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይቋጥሩት፤ 100 ቋጠሮ ይወጣዋል። ማሳው ላይ በሰያፍ ዘርግተው ስንት ቋጠሮ ገለባ እንደነካ ይቁጠሩ። ሰላሳ ከነካ 30 ከመቶ ተሸፍኗል ማለት ነው፤ በዓለም ላይ ዕቀባ እርሻ የሚባለው መሬት መነሻ መስፈሪያም ይኸው ነው። አምስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ልጆች በጣም ይወዱታል።

አማራጭ 1፦ ገለባውን አንስቶ፣ በማረሻ ደጋግሞ ማረስ

አብዛኛው ደጋ የሚያውቀው ይህን ነው። በበልጉ ጠል ገመሳ፣ ከዚያ አይማ፣ ከዚያም ሦስተኛና አራተኛ። ጥቅሙ አረም ነው። ሙጃና ስናር በበቀሉ ቁጥር ይገለበጣሉ፤ ዘር ሲገባ መሬቱ ንጹሕ ይሆናል። መሣሪያው ቤት ውስጥ አለ፤ ሞፈሩንና ድግሩን ከጓሮ ዛፍ ቆርጦ የሚያበጅ ሰው ማንንም አይለምንም።

ጉዳቱን ለማየት ማረሻው እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ ይበቃል። ማረሻ አፈሩን አይገለብጥም፤ እንደ ሽብልቅ ሰንጥቆ ግራና ቀኝ ይገፋዋል፤ በሁለት ትልም መሃል ያልተነካ አፈር ይተዋል። ያንን ለመጨረስ በሚቀጥለው ጊዜ አግድም መሄድ ግድ ነው። አግድም ሲሄድ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ አቅጣጫ ቁልቁል ይሆናል፤ ትልሙም ለጎርፍ መንገድ። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የአፈር ተመራማሪ ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ብለው የገመቱት በዚችው አገር ደጋ ነው። በየዓመቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ እየተቧጠጠ የሚኖር አፈር ደግሞ ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ ያበጃል፤ ውሃም ሥርም እዚያ ላይ ይቆማሉ።

ሰርዶ ያለበትን መሬት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርዶን ደጋግሞ ማረስ ያጠፋዋል የሚባለው በደረቅ በጋ፣ ሥሩ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ከደረቀ ነው። በእርጥብ ወቅት ሲታረስ ግን እየተቆራረጠ ይባዛል። አንዱን ሰርዶ መቶ አድርገው ሲያበቁ «ሦስቴ አርሼ እንኳ አልለቀቀኝም» የሚሉ ሰዎችን አይቻለሁ።

አማራጭ 2፦ አንዴ ገምሶ በሁለተኛው መዝራት፣ ግርጌው ሳይነቀል

አባትየው የሚሉት ይኸው ነው፤ እውነቴን ከሆነ ባቄላን በተመለከተ ከብዙ ስልጠና ይልቅ ለትክክሉ የቀረበ ነው። ገመሳው የስንዴውን ግርጌ በከፊል ይነቅላል፣ በከፊል ይተዋል፤ በሰኔ ላይ አረሙ አንዴ በቅሎ ሳለ ሁለተኛው እርሻ ያንን ገድሎ ዘሩን ይሸፍናል። ስምንት የበሬ ቀን፤ ቢበዛ፣ አረም የበዛበት ከሆነ 12። መከናጆ የገባ ሰው በጊዜ የሚዘራው በዚህ ነው።

የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። አረም በመጀመሪያው ወር ከማሳው ባለቤት ቀድሞ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ በእጅ ማረም የግድ ነው፤ የመጀመሪያው ከበቀለ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል። የቤተሰብ እጅ ወይም ወንፈል ከሌለ ይህ አማራጭ ያሳፍራል። ሁለተኛው፣ ለውሃ ምንም አያደርግም። ቀይ አፈር ላይ ችግር የለም፤ ጥቁር ሜዳ ላይ ግን ከአማራጭ 1 አይሻልም። ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ ማፍሰሻ ትልም፣ ማውጣት ውሃውን በጥቂቱ ያቀለዋል፤ ፈሰሱ ተዳፋቱን በቀጥታ የሚወርድ ከሆነ ግን ለዓመታት ወደ ቦረቦርነት ያድጋል። ሰያፍ ይሁን፣ መውጫውም ሣር የለበሰ ቦታ ላይ ያርፍ።

ዘሩን በመስመር ማድረግ ከዚህ ጋር ይስማማል። በማረሻው ትልም ውስጥ እየተከተሉ በ40 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ ፍሬ መጣል። ጉልበት ይበላል፤ ማረሙን ግን ያቃልለዋል።

አማራጭ 3፦ ሳያርሱ መዝራት

ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ያሳየው በዋናነት በበቆሎ ላይ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ገለባው ይተዋል፣ አረሙ በመድኃኒት ይገደላል፣ ዘሩ የሚገባበት መስመር ብቻ ይሰነጠቃል። በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማረሻውን አንዴ ማሳለፍ ለሄክታር ሁለት ወይም ሦስት የበሬ ቀን ነው፤ በሬ የሌለው በሹል እንጨት እየወጋ ሊዘራ ይችላል። ባቄላ ትልቅ ዘር ስላለው ይህን ከማንም ሰብል በተሻለ ይችለዋል።

ነገር ግን ሦስቱ አካላት አንድ ላይ ካልሆኑ ዘዴው አይሠራም። ገለባው በግጦሽ ካለቀ የሚቀረው ያልታረሰ፣ የተራቆተ፣ በከብት ኮቴ የተደቆሰ መሬት ነው፤ ያ ደግሞ ከታረሰው የባሰ ጎርፍ ያመጣል። ልቅ ግጦሽ ባለበት ቀበሌ የአንድ ሰው ውሳኔ ገለባውን አያተርፈውም፤ ኅዳር ላይ አጥር የሌለው ማሳ የሁሉም ነው። ይህን አማራጭ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ወይም ኩታ ገጠም ሆነው ደንብ አውጥተው ነው የሚጀምረው።

መድኃኒቱን በተመለከተ የሚበዛው ስህተት ውሃው ላይ ነው። ገበያ ላይ ራውንዳፕ በሚል የሚታወቀው ግላይፎሴት ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል፤ ከወንዝ በተቀዳ ድፍርስ ውሃ ከተበጠበጠ ግማሹ ጉልበቱ እዚያው ማሰሮው ውስጥ ይቀራል። ንጹሕ ውሃ፣ አረሙ አረንጓዴ ሆኖ እያደገ ሳለ፣ ከመዝራት 10 ቀን ገደማ አስቀድሞ፤ መጠኑ የማሸጊያው ላይ የተጻፈው። ባቄላው ከበቀለ በኋላ ከረጩት ባቄላውንም ይዞት ይሄዳል። ጓንት ይደረግ፤ ባዶው ጀሪካን ውሃ መቅጃ አይሁን።

ጥቁር መሬት ላይ ይህን አማራጭ አልመክርም። ገለባ አፈሩን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱንም ይይዝለታል፤ ተዳፋት ቀይ አፈር ላይ በረከት የሆነው ይኸው ነገር ረግረግ ሜዳ ላይ መርዝ ነው። በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች፣ ለምሳሌ ሚኒሶታ ላይ፣ የአኩሪ አተር ገበሬዎች የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው፤ የበቆሎው አገዳ መሬቱን ሸፍኖ በፀደይ እንዳይሞቅ ያደርግባቸዋል። እነሱ ያገኙት ማስታረቂያ ዘሩ የሚያርፍበትን ጠባብ መስመር ብቻ ከገለባ ማጽዳት ነው፤ መሃሉን መተው። ማረሻ በ40 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሌላ የደጋ ጉዳይ፦ ከ2,700 ሜትር በላይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ያለበት ቦታ የተሸፈነ አፈር ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት አይለቅም፤ ከላይ ያለው ተክል በጥቂቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አበባው ዘግይቶ ከሆነ ይህ ጥቂት ብዙ ይሆናል። በእንደዚህ ያለ ቦታ ገለባ የሚተው ሰው ቀድሞ ይዝራ።

አማራጭ 4፦ መደብና ቦይ፣ በቢቢኤም ወይም በእጅ

የዚህ መመሪያ ክብደት እዚህ ነው፤ ጥቁር መሬት ያለው ሰው ሌላውን ዘሎ ይህን ቢያነብ አልቀየምም። አገሪቱ ውስጥ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ ሲደርቅ የሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ አብጦ ውሃ አያሳልፍም። የሸዋ ገበሬ ይህን ከማንም በፊት ያውቀዋል። በእነዋሪ አካባቢ ሴቶችና ልጆች ጭምር እየወጡ መደቡን በእጅ ሲያበጁ ኖረዋል። ሌላው ቦታ ሹሩቤ የሚባለው በማረሻ የሚወጣ መደብና ቦይ አለ። በ1986 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ምርምርና ከሌሎች ጋር በመሆን የጥቁር አፈር ፕሮጀክት ሲጀምር የወሰደው ሐሳብ ከእነዋሪው መደብ ነው፤ ያመጣው አዲስ ነገር ሥራው በበሬ እንዲሠራ ነው። ሁለት ማረሻዎች በአንድ አግዳሚ ተያይዘው፣ በመሃል 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ። በኋላ አይባርን የመሰሉ ቀለል ያሉ የብረት ዓይነቶች መጡ።

አሠራሩ ላይ የሚሳሳቱት ሰዎች ቢቢኤምን የማረሻ ምትክ ያደርጉታል። ምትክ አይደለም። መሬቱ በበልግና በግንቦት ሦስት ጊዜ ገደማ ታርሶ የላላ መሆን አለበት፤ ዘሩ ይበተንና ቢቢኤሙ እያለፈ መደቡን ሲያወጣ አብሮ ይሸፍነዋል። በመስመር ለሚፈልግ መደቡ ላይ ሁለት መስመር በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይቀመጣል። ጊዜው ጠባብ ነው፤ አፈሩ ከረጠበ በኋላና እንደ ቡኮ ከመጣበቁ በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። ያለፈበት ሰው በሬዎቹ እስከ ጉልበት ሲሰምጡ ያያል።

ሁለተኛው ስህተት ቦይ ሲወጣ መውጫውን አለማሰብ ነው። ቦዩ በ100 ሜትር ርቀት ከ40 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲወርድ ቢደረግ ውሃው ሳይቸኩል ይወጣል። ከዚያስ የት ይሄዳል? የጎረቤት ማሳ ላይ ከሆነ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ይጠራል፤ ሽማግሌዎቹም ልክ ናቸው። መውጫው የጋራ መሆን አለበት፣ ሣር የለበሰ መሆን አለበት፣ ከመዝራት በፊት የተስማሙበት መሆን አለበት። ሞክረው የተዉት ሰዎች ለምን እንደተዉ ሲጠየቁ ከመሣሪያው ይልቅ ይህ ነገር ሲነሳ ይሰማል።

ገለባውስ? ቦዩ ውስጥ ከገባ ይደፍነዋል። ስለዚህ ከባድ ገለባ ይነሣ፣ ግርጌው ብቻ ይቅር። አንዴ የወጣውን መደብ በሚቀጥለው ዓመት ሳያፈርሱ ማደስም ይቻላል፤ ትግራይ ውስጥ ደርደሮ የሚባለው ባህላዊ የመደብ አሠራር ላይ ተመሥርተው የተደረጉ ሙከራዎች መደቡን ቋሚ ማድረግ ጎርፍንና የአፈር መታጠብን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት የበሬው ቀን በእጅጉ ያንሳል፤ ለእኔም ለጥቁር መሬት የወደፊቱ መንገድ ይህ ይመስለኛል። ዘር በሚመርጡበት ጊዜ ደግሞ ለጥቁር አፈር የተለቀቁትን እነ ዋልኪንና ሀጫሉን ይጠይቁ፤ መደቡና ዝርያው አብረው ሲሄዱ ነው ውጤቱ የሚታየው።

አማራጭ 5፦ ኪራይ ትራክተር

አርሲና ባሌ የሚታወቅ ነው፤ ስንዴው በኮምባይነር ይታጨዳል፣ መሬቱ በዲስክ ይታረሳል። ዲስክ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ ማረሻ ያበጀውን ጠንካራ ንጣፍ ይሰብራል፤ ለዚህ ብቻ በየጥቂት ዓመቱ አንዴ መክፈሉ ትርጉም አለው። በየዓመቱ ግን? ባቄላ ያን ያህል ጥልቀት አይጠይቅም፤ ገለባው ሁሉ ተቀብሮ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ከገባ ደግሞ ጎማው አዲስ ንጣፍ ይሠራል። እርከን ያለበትና ድንጋያማ መሬትን አከራዩ ራሱ አይወደውም።

ኮምባይነር ያጨደው ማሳ ላይ ገለባው በመስመር ተከምሮ ይቀራል። ያ መስመር ሳይበተን ከተዘራበት ባቄላው እዚያ ላይ ሳይበቅል ይቀራል፤ አንዳንዱ ይህን ፈርቶ ያቃጥለዋል። በመንሽ መበተን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ኪራይ መሣሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በደቡብ ወሎና በትግራይ ባቄላን የሚያጠቃው ኦሮባንኪ የሚባለው ጥገኛ አረም ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። ጭቃ ይዞ ከሌላ ወረዳ የመጣ ዲስክ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ታጥቦ ይግባ ማለት ነውር አይደለም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የበሬ ቀን በሄክታር | ጥቁር መሬት ላይ ውሃ | አረም | መሬት ላይ የሚቀር ገለባ | ጥሬ ገንዘብ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. ደጋግሞ ማረስ | 20 ገደማ | አያወጣም | በደንብ ይይዛል | የለም ማለት ይቻላል | ዝቅተኛ |
| 2. ገምሶ መዝራት | ከ8 እስከ 12 | በፈሰስ ብቻ | ሁለት የእጅ አረም ይፈልጋል | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| 3. ሳያርሱ መዝራት | 2 ወይም 3 | ያባብሳል | በመድኃኒት | ብዙ፣ ግጦሽ ከተከለከለ | መካከለኛ |
| 4. መደብና ቦይ | 12፣ ለመደቡ 1 ወይም 2 | ከሁሉ የተሻለ | መካከለኛ | ጥቂት | ለመሣሪያው አንዴ |
| 5. ኪራይ ትራክተር | ለመሸፈኛ 4 | አያወጣም | በመጀመሪያ ጥሩ | የለም | ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

ጥቁር ሜዳ ላለው፣ ሀብታምም ይሁን ደሃ፣ አማራጭ 4 ነው። ቢቢኤም መግዛት ካልተቻለ አራት አምስት ቤተሰብ ሆኖ አንድ መግዛት፣ ወይም ግማሽ ጥማድን በደቦ በእጅ ማውጣት። መውጫ ቦይ ላይ ስምምነት ካልተገኘ ግን በዚያ ማሳ ላይ የክረምት ባቄላን ትቶ ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት ከኪሳራ ያድናል።

ቀይ አፈር፣ መጠነኛ ተዳፋት፣ አንድ በሬ ወይም ከዚያ በታች ያለው ሰው አማራጭ 2ን ይያዝ። የተረፈውን 12 የበሬ ቀን ለስንዴው መሬት ያውለው፤ እዚያ ይበልጥ ይከፍለዋል።

ባል የሞተባት፣ በሬ የሌላትና መሬቷን ለእኩል የምትሰጥ ሴት አማራጭ 3ን በጓሮዋ ጥግ ልትሞክረው የሚገባት ይመስለኛል። አራሽ ለመለመን ሰኔን ሙሉ ከመጠበቅ፣ አጥር ባለው ትንሽ ቦታ ላይ በሹል እንጨት መትከል፤ ምርቱ ቢያንስ ለሁለት አይከፈልም።

ቁልቁለት ላይ የሚያርስ ሁሉ፣ ከአማራጭ 5 ይራቅ። አማራጭ 1ን መተው ካልቻለም፣ የመጨረሻው እርሻ ተዳፋቱን አግድም ይሁን።

መሬት ተከራይቶ በሰፊው የሚሠራ ከሆነ፣ አምና ኮምባይነር የገባበትን ማሳ ገለባ ይበትን፣ ንጣፉ መጠንከሩን በብረት ዘንግ ወግቶ ይፈትሽ፤ ዘንጉ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ከቆመ ዲስክ ይከራይ፤ ካልቆመ ገንዘቡን ለአረም ሠራተኛ ያስቀምጥ።

የተመረጠው ዘዴ የትኛውም ይሁን፣ አምና ባቄላ የነበረበት ላይ ዘንድሮም ባቄላ የሚዘራ ሰው ከዚህ ሁሉ አይጠቀምም። ቸኮሌት ስፖት የሚባለው ቡናማ ጠባሳም ሆነ ሰሜን ሸዋ ላይ ቆርምድ የሚሉት የቅጠል ዕባጭ በሽታ ካለፈው የባቄላ ቅሪት ላይ ይጠብቁታል። ስንዴው ያለበትን ማሳ ከአሁኑ አይተው፣ ለመጪው ክረምት ባቄላ ከታሰበ፣ አጫጆቹ ማጭዳቸውን አንድ ስንዝር ከፍ እንዲያደርጉ ከመግባታቸው በፊት ይንገሯቸው።